የተማሪ ጋዜጠኞችን የሚያግዙ ባለሙያዎችን እንዴት እንሸልም?

የተማሪዎች ጋዜጣ ሲወጣ ስማቸው የሚነበበው ጸሐፊዎቹና አዘጋጆቹ ናቸው። ማታ ማታ ጽሑፍ ሲያርም የቆየው ጋዜጠኛ፣ ካሜራውን ያዋሰው ፎቶ አንሺ፣ «ይቺ ዓረፍተ ነገር በስም ማጥፋት ታስከስሳችኋለች» ብሎ ያስጣለው ጠበቃ ግን የትም አይታዩም። እነሱን ለማመስገን ካሰባችሁ ሥራው የሚጀምረው ከሽልማቱ ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

መጀመሪያ መዝገብ ያዙ። ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ? አንድ መስመር ይበቃል። ዓመቱ ሲያልቅ ከትዝታ ስም መልቀም አያዋጣም፤ ትዝ የሚለን ሰሞኑን የረዳንና ድምፁ ጎላ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ መስፈርት አውጡ። እኔ ብሆን የማስቀድመው ይህን ጥያቄ ነው፦ ሰውየው ተማሪዎቹ እንዲችሉ አደረገ ወይስ ራሱ ሠራላቸው? ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች እንደገና የጻፈ ሰው ደግ ነው፤ ጋዜጠኛ ግን አላፈራም። ደግሞ የማተሚያ ወጪ ሸፍኖ «ያ ዘገባ ይቅር» የሚል ሰው ከዝርዝሩ ይውጣ። ጋዜጣው የሚዘግብበትን ሰው መሸለምም ከአንባቢ ጋር ያጣላል።

ዋናው ሥራ ሰውየው እንዲሸለም ለሸላሚው ኮሚቴ የምትጽፉት የጥቆማ ደብዳቤ ነው። «ትጉህ፣ ቅን፣ አርአያ» የሚሉት ቃላት ለማንም ይሆናሉ፤ ኮሚቴውም ሰልችቶታል። የሆነውን ጻፉ፦ «የበጀት ሰነድ እንዴት እንደሚነበብ ሁለት ቅዳሜ አስተማረን። በሚቀጥለው እትም የክበቦችን ወጪ ራሳችን መርምረን ዘገብን።» ከእርማቱ በፊትና በኋላ ያለውን ጽሑፍ አባሪ አድርጉ። ከአንድ ገጽ አትለፉ። ደብዳቤውን ተማሪ ይጻፈው፤ ርእሰ መምህር ሲጽፈው የቢሮ ሽታ ይመጣል።

ከትምህርት ቤት ውጭ የሚሰጡ ሽልማቶችም አሉ። ለምሳሌ በአሜሪካ የጋዜጠኝነት መምህራን ማኅበር «የትምህርት ቤት ጋዜጠኝነት ወዳጅ» የሚባል ሽልማት ይሰጣል። ጥቆማውን ከትምህርት ቤት ውጭ ከመላካችሁ በፊት ግን ባለሙያውን አስፈቅዱ። በዝምታ ማገዝ የሚመርጥ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ የማይፈቅድለትም አለ።

የሽልማቱ ዕለት ንግግር አታብዙ። ባለሙያው ያገዘበትን ገጽ በፍሬም አድርጋችሁ ስጡት፤ ከዋንጫ ይሻላል። ስሙን ግን ከመጻፋችሁ በፊት ፊደል በፊደል ከራሱ አረጋግጡ። ሆሄ ሲያርምላችሁ የከረመ ሰው የገዛ ስሙን ተሳስቶ ሲያገኘው እርማት ማውጣቱ አይቀርም።