የኦፕሽን ነጋዴዎችን ፍርሃት አይቶ አክሲዮን የመግዣ ጊዜን እንዴት መምረጥ ይቻላል

የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ "አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?" ሲል ይጨነቃል። እኔ ለዚህ የማየው አንድ ቁጥር አለ፤ ፑት ኮል ሬሾ ይባላል። በነጻ ይገኛል፣ አምስት ደቂቃ አይወስድም። አነባበቡን እስክለምድ ግን ኪሴን አራግፎኛል።

ኦፕሽን ማለት አንድን አክሲዮን እስከተወሰነ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል ነው፤ የመግዣው ኮል፣ የመሸጫው ፑት ይባላል። ኮል የሚገዛ ሰው ዋጋ ይወጣል ብሎ ነው። ፑት የሚገዛ ደግሞ ይወርዳል ብሎ፣ ወይም በእጁ ላለው አክሲዮን ኢንሹራንስ እየገባ ነው። ሬሾውን ለማግኘት በዕለቱ የተገበያየውን ፑት ለኮል ማካፈል ብቻ ነው። 60 ሺህ ፑት እና 100 ሺህ ኮል ካለ ውጤቱ 0.6 ነው። ቁጥሩ ሲያሻቅብ ሰው ፈርቷል፣ ሲወርድ ጠግቧል ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው ፍርሃቱን ነው። ሊሸጥ ያሰበው ሁሉ ሸጦ ካበቃ ገበያውን ወደ ታች የሚገፋ አይኖርም።

ስሌቱን ለእናንተ የሚሠራው የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ፣ ሲቦ ነው። ቁጥሩን በየቀኑ ያወጣል። ለዚህ ብላችሁ በወር የሚያስከፍል መተግበሪያ አትግዙ፤ ኤክሴል ይበቃል።

ሰው የሚሳሳተው የቱን ቁጥር እንደሚያይ ሲመርጥ ነው። ሲቦ ጠቅላላውን፣ የኢንዴክሱን (እንደ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ያለ የብዙ ኩባንያዎች አክሲዮን ጥቅል መለኪያ) እና የነጠላ አክሲዮኖችን ለየብቻ ያወጣል። የኢንዴክሱን ፑት በብዛት የሚገዙት ትልልቅ ገንዘብ አስተዳዳሪዎች ናቸው፤ ኢንሹራንስ መግባት የዘወትር ሥራቸው ነው። ስለዚህ እሱ ከ1 በላይ መሆኑ ምንም አያስደንቅም። እኔ መጀመሪያ 1.2 አይቼ "ገበያው አለቀለት" ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጠቅላላው ደግሞ ሁለቱን ያደባልቃል። የተራውን ነጋዴ ስሜት የሚያሳየው የነጠላ አክሲዮኖቹ፣ ኢኩዊቲ የሚባለው ነው። እሱ በተለመደው ጊዜ 0.6 አካባቢ ይውላል።

የአንድ ቀን ቁጥር ይዘላል፤ የ10 ቀን አማካይ አውጡለት። ከዚያ ካለፈው አንድ ዓመት ጋር አወዳድሩት እንጂ "ይሄን ካለፈ ግዛ" የሚል ቋሚ መስመር አታስምሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ ትንንሽ ነጋዴዎች ኮል ላይ ሲረባረቡ አማካዩ ወርዶ እዚያው ከረመ። "ጥጋብ በዛ" ብሎ ያኔ የሸጠ ሰው፣ ገበያው እስከ 2022 መጀመሪያ ሲወጣ ቆሞ አይቷል። ለመሸጥ ይህን ቁጥር አላምነውም፤ ለመግዛት ነው የሚሻለው።

ለመግዛትም ቢሆን አያጣድፍም። ማርች 12፣ 2020 የኢኩዊቲው ቁጥር ከ1 አለፈ። "ይኸው ፍርሃቱ!" ብዬ ያጠራቀምኩትን በሙሉ በአንድ ጊዜ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ ገበያው ከ9 በመቶ በላይ ወጣ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰኞ 12 በመቶ ገደማ ወረደ። እስከ አርብ ስልኬን በየአስር ደቂቃው ሳይ ቆይቼ፣ አርብ ሸጥኩ። ገበያው ማርች 23፣ ሰኞ ዕለት፣ ታች ነካ። ማክሰኞ እንደገና ከ9 በመቶ በላይ ወጣ፤ እኔ ውጭ ነበርኩ። ቁጥሩ ፍርሃት እንዳለ በትክክል ነግሮኝ ነበር። መቼ እንደሚያልቅ ግን አልነገረኝም።

አሁን አማካዩ ጣሪያ ነክቶ መውረድ እስኪጀምር እጠብቃለሁ። ያኔ ገንዘቤን ሦስት ቦታ ከፍዬ አንዱን እጅ አስገባለሁ። ቪክስንም፣ ማለትም ገበያው ምን ያህል ይዋዥቃል ተብሎ እንደሚጠበቅ ከኦፕሽን ዋጋ የሚያሳየውን ቁጥር፣ አብሬ አያለሁ፤ እሱም ከጫፉ ካልወረደ እቆያለሁ። ምክንያቱም ሬሾው ፑቱን ፈርቶ የገዛውን እና ከገዢው የሚያገኘውን ክፍያ ፈልጎ የሸጠውን አይለይም፤ ሁለቱም እንደ አንድ ንግድ ይቆጠራሉ።

በወሩ ሦስተኛ አርብ ብዙ ኦፕሽን ጊዜው ያልቃል፤ የዚያ ሳምንት ቁጥር ቢዘል ብዙም አትደንግጡ። ሁለተኛውን እጅ የማስገባው ያ ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ አማካዩ አሁንም እየወረደ ከሆነ ነው። ሦስተኛው እጅ ብዙ ጊዜ ሳይገባ ይቀራል፤ ገበያው ይቀድመኛል።