የመጽሔት ሽፋን ላይ ፊደል ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን አካባቢ የምረቃና የማኅበር መጽሔት የሚያዘጋጁ ብዙ ወጣቶች ሽፋኑን ሠፈራቸው ውስጥ ሠርተው ለሕትመት ወደ መሀል ከተማ ይልካሉ። ስሕተቱ የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጽሔቱ ታትሞና ተጠርዞ ከመጣ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የሚያጋጥሙ ችግሮች ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጡት ለላቲን ፊደል የተፈጠረን ዘዴ እንዳለ ወስደን በራሳችን ፊደል ላይ ስለምንጭን ነው።

በሽፋኑ ፎቶ ላይ ያለው ሰው ጭንቅላት የመጽሔቱን ስም ሲሸፍን ቃሉ ሌላ ይሆናል

በላቲን ፊደል የቃሉ የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ይልቅ ለንባብ ይረዳል። ስለዚህ የውጭ መጽሔቶች የስማቸውን የታችኛውን ክፍል በፎቶ ቢሸፍኑም አንባቢ አይቸገርም። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን በአብዛኛው የሚለየው እግሩ ላይ ነው። «በ»ን ተመልከቱ። የቀኝ እግሩ ሥር ሰረዝ ሲጨመር «ቢ»፣ ቀለበት ሲጨመር «ቤ» ይሆናል፤ የቀኝ እግሩ ሲረዝም «ባ»፣ የግራው ሲረዝም «ቦ» ነው። እግሩን ሸፍኑትና አምስቱም አንድ ይሆናሉ። ወገባቸው ላይ ባለው ምልክት የሚተርፉት «ቡ» እና «ብ» ብቻ ናቸው። «ቦታ» የሚል ስም እግሩ ሲሸፈን «በተ» ተብሎ ቢነበብ ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም።

መፍትሄው ፎቶውን ማንቀሳቀስ ነው። ጭንቅላቱ በሁለት ፊደላት መካከል እንዲገባ ወይም ምልክቱ ወገቡ ላይ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፊደል ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ይህ ካልተቻለ ስሙን ከፍ አድርጉት። ከዚያም የመጽሔቱን ስም ለማያውቅ ሰው አሳዩና ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠይቁ፤ ከተጠራጠረ አልተስተካከለም ማለት ነው።

ፊደልን ወደ ሥዕል መለወጥ ስትፈልጉም ሕጉ ይኸው ነው፤ ጨዋታው ምልክቱን ያጉላው እንጂ አይዋጠው። ስለ ቡና ቤቶች የሚያወራ ዕትም ላይ የ«ቤ»ን ቀለበት ከላይ እንደታየ ሲኒ አድርጎ መሣል ይቻላል፤ ቀለበቱ በቦታው ስላለ ቃሉ አይጠፋም። ሠዓሊው ወሰነ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደላችንን እየሳበና እየበታተነ የሸራው መሠረት አድርጎታል፤ ያ ለሥዕል ያምራል። የሽፋን ርዕስ ግን በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ለሚያልፍ ሰው ጭምር መነበብ አለበት።

ርዕሱ ሲወፍር ይደፈናል

«ቤ» «ቢ» ይመስላል፣ የ«ጩ» ውስጥ ይጠቁራል። መንስኤው የሐሰት ውፍረት ነው። ኒያላና አቢሲኒካ አንድ ውፍረት ብቻ ያላቸው ፎንቶች ናቸው። ማወፈሪያውን ስትጫኑ ፕሮግራሙ የፊደሉን ጠርዝ በግምት ያሳብጠዋል፤ በዙሪያው ስትሮክ (የጠርዝ መስመር) ብትጨምሩም ውጤቱ ያው ነው። መስመሩ ወደ ውስጥም ስለሚያድግ ቀለበቱና ክፍተቱ ይዘጋሉ።

ከመጀመሪያው ለወፍራም ርዕስ የተሣለ ፎንት ምረጡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ጥቁር ዘጠኝ የውፍረት ደረጃ አለው፤ በነፃም ይገኛል። ሌላ ፎንት የግድ ካስፈለገ ርዕሱን ወደ አውትላይን (ከሚተየብ ጽሑፍ ወደ ተሣለ ቅርጽ) ቀይሩና የተደፈኑትን ቀለበቶች አንድ በአንድ በእጅ ክፈቱ። በርዕስ ውስጥ ያሉት ፊደላት ጥቂት ስለሆኑ ሥራው አድካሚ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን ጎልቶ ይታያል።

ሁሉም ጽሑፍ እኩል ይጮኻል

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት የለውም። በእንግሊዝኛ ሽፋን ላይ በትልልቅ ፊደል ብቻ የሚገኘው ልዩነት እኛ ጋ ስለማይገኝ፣ አዘጋጁ ስድስት ርዕሶችን በተቀራራቢ መጠን ይደረድራል፤ ዓይንም ማረፊያ ያጣል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ችግር በቀይ ቀለም ፈትተውታል። የቅዱሳንን ስም በቀይ፣ ቀሪውን በጥቁር ይጽፉ ነበር። እናንተም በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ለዩ፤ ግን አንድ ርዕስ ብቻ ጌታ ይሁን። ዋናው ርዕስ ከሚቀጥለው በእጥፍ ቢበልጥ አይብዛባችሁ። ማዘንበል ግን አይረዳም፤ ፊደሉን ያጣምመዋል እንጂ አያጎላውም።

ፊደላት ይነካካሉ

በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት በጅምላ ስታጠብቡ እንደ «ሱ» እና «ቡ» ያሉት የካዕብ ፊደላት ክንድ ቀጥሎ ያለውን ፊደል ይወጋል። በርዕስ ላይ ጥንድ ጥንድ እያያችሁ አስተካክሉ። በኢለስትሬተርና በኢንዲዛይን የንድፍ ፕሮግራሞች ጠቋሚውን በሁለቱ ፊደላት መካከል አድርጋችሁ አልት ከግራ ወይም ከቀኝ ቀስት ጋር መጫን ይበቃል።

በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ይጠፋል

በምትኩ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከታየ የተጠቀማችሁት ፎንት የዩኒኮድ (ለየፊደሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) አይደለም ማለት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች አማርኛውን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር። ባዶ ሳጥን ከታየ ደግሞ ፎንቱ እዚያ አልተጫነም። በዩኒኮድ ፎንት ሥሩ፤ የሚታረመውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጡና በሚላከው ላይ ጽሑፉን ወደ አውትላይን ቀይሩ። በኢለስትሬተር ይህ የሚሠራው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦን አንድ ላይ በመጫን ነው። ከዚህ በኋላ የፊደል ግድፈት በትየባ ስለማይታረም አስቀድማችሁ አንብቡ።

ትንንሹ ነጭ ጽሑፍ ይደበዝዛል

ከአራቱ የሕትመት ቀለሞች (ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) ተደራርቦ በተሠራ ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ሲወጣ፣ አንዱ ቀለም በጥቂቱ እንኳ ቢንሸራተት ቀጭኑ መስመር ይሞላል። ከጽሑፉ ጀርባ ያለውን መደብ ጥቁር ቀለም ብቻ አድርጉት፤ ፊደሉንም አወፍሩት። ጥቁር ጽሑፍም ቢሆን መቶ በመቶ ከጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን።

ፋይሉን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ ፎቶ ሲሆን ይጨመቃል። በአራቱም ጠርዝ ወረቀቱ ሲቆረጥ የሚወገድ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ መኖሩን አረጋግጡ። ናሙናውንም በስልክ ስክሪን አይታችሁ አታጽድቁ፤ መንገዱ ቢርቅም በወረቀት የታተመውን በቀን ብርሃን አይታችሁ፣ ፈርማችሁበት ሕትመቱ ይጀመር።