የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ጎማ፦ ከዘንጉ ሳይነቀል ማሳመር

ከፋብሪካ የመጣ ጎማ ራጂው የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ስለሆነ መጫወቻ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ማሳመሩ አይከብድም። ሥራው የሚበላሸው ጎማውን ከዘንጉ የነቀሉት ጊዜ ነው። የግራና የቀኝ ጎማ የቢዬላ (ጎማዎቹን በጎን የሚያያይዘው ክንድ) ፒኖች በ90 ዲግሪ ተዛንፈው ነው የተገጠሙት፤ መልሳችሁ ስትገጥሙ ትንሽ ከሳታችሁ ቢዬላው ይይዛል፣ ባቡሩም ያነክሳል። ስለዚህ ቢዬላውን ብቻ ፍቱ፣ ከሆዱ በኩል ያለውን ክዳን ክፈቱና ጎማውን ከነዘንጉ አውጡ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ።

ቅባቱን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ፣ ሲደርቅ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ጥረጉት። አሴቶን አታስጠጉት፣ ራጂውን ያቀልጠዋል።

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከሚዛን ክብደቱ ነው፤ በእውነተኛው ባቡር ላይ ከፒኑ በተቃራኒ በኩል ያለው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ማለት ነው። የእርጎ ኩባያ ፕላስቲክ ይበቃል። ቅርጹን መጀመሪያ በወረቀት ለኩ፣ ከዚያ ቁረጡና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ከፒስተኑ የሚመጣውን ዋናውን ቢዬላ የሚይዘው ጎማ ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ክብደት ይፈልጋል። ሱፐር ግሉውን በስንጥር ጫፍ ብቻ ንኩ፤ ከበዛ ጭሱ ዙሪያውን ነጭ ያደርገዋል።

ቀለሙን ማት (የማያብረቀርቅ) አድርጉት። ጥቁሩ ላይ ጥቂት ግራጫ ቀላቅሉ፤ ድፍን ጥቁር በዚህ መጠን ራጂውን ይውጠዋል። ሐዲዱን የሚነካውን ፊት በፕላስተር ሸፍኑ፣ ኤሌክትሪክ የሚገባው በዚያ ነውና። የፒን ቀዳዳውን በስንጥር ድፈኑ። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ወፍራሙ የራጂውን ማዕዘን ይሞላዋል።

ጅማ ላይ ክረምቱ ሌላ ጣጣ አለው። ቲነሩ ሲተን ቀለሙን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ ይቋጥርና ቀለሙ ጉም የለበሰ ይመስላል። ዝናቡ ባረፈበት፣ ፀሐይ በወጣችበት ረፋድ ቀቡ፤ ጎማውንም አስቀድማችሁ ፀሐይ ላይ አሙቁት። ለማድረቅ በጋ ላይ አንድ ቀን የሚበቃው ክረምት ላይ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ከመግጠማችሁ በፊት በሁለቱ ጎማዎች ጀርባ መካከል ያለውን ርቀት በካሊፐር ለኩ። ለ1፡87 መጠን፣ 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ለሚሄድ፣ 14.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ከጠበበ ወይም ከሰፋ ጎማው ሐዲድ መለያያው ላይ ይወጣል። ቢዬላውን አስራችሁ ኤሌክትሪክ ከመስጠታችሁ በፊት በእጅ አሽከርክሩ፤ አንድ ቦታ ላይ ከያዘ መጀመሪያ ፒኑ ላይ የቀረ ቀለም ካለ ፈልጉ።