በጋራ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል በማኅበር እንዴት እንደሚተከል

ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ በልደታ ወይም በሰንጋ ተራ የጋራ ሕንፃዎች የሚኖሩ ሰዎች መተካት ያለባቸው መሥመሩን ሳይሆን መብራት ሲጠፋ ግቢውን በጭስ የሚሞላውን የናፍጣ ጄኔሬተር ነው።

በመጀመሪያ ጉዳዩ ለባለቤቶች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ በቃለ ጉባኤ ይወሰን፤ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 በሚተዳደር የጋራ ሕንፃ ጣሪያው የሁሉም እንጂ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ አይደለምና። ራሱን የቻለ የኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋም ከተፈለገ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ዕጣ (የማኅበር ድርሻ) ቢገዛ አንድ አባል አንድ ድምፅ ብቻ እንዳለው መተዳደሪያ ደንቡ በግልጽ ያስፍር።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በስሌቱ ላይ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ፣ የየቤቱ ጭነት ከዕቅዱ ወጥቶ የደረጃ መብራትና የውኃ ፓምፕ ብቻ ይያዙ። ባለ 9 ዋት 20 አምፖሎች ለ12 ሰዓት ሲበሩ 2,160 ዋት ሰዓት፣ ባለ 1,500 ዋት ፓምፕ ለ2 ሰዓት ሲሠራ 3,000 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ ድምሩ 5,160 ይሆናል። የክረምቱን ደመና በማሰብ ሙሉ ፀሐይ በቀን 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ትገኛለች ብሎ ማካፈል፣ በመንገድ ላይ ለሚባክነውም ሩብ ያህል መተው ይበጃል፤ ውጤቱ 2,000 ዋት ገደማ፣ ማለትም ባለ 400 ዋት 5 ፓኔሎች ነው።

ፓምፑ በቀትር ይሠራ እንጂ በማታ አይሥራ። በቀን የሞላ ሮቶ ከማንኛውም ባትሪ የረከሰ የኃይል ማከማቻ ነው። በዚህ መንገድ ባትሪው የሚሸከመው መብራቱን ብቻ ስለሚሆን፣ 3,000 ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ይበቃል፤ የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል እንደ መሥመሩ ኤሌክትሪክ አድርጎ የሚቀይረው ኢንቨርተር ግን ፓምፑ ሲነሣ የሚስበውን ከፍተኛ ኃይል የሚችል ሆኖ ይመረጥ።

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፓኔሎቹ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ይታሰሩ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሁለቱን ምንጮች፣ መሥመሩንና ፀሐዩን፣ የሚለይ ማቀያየሪያ ሊያስገባ ይገባል፤ አለበለዚያ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ በእናንተ ኃይል ሊመታ ይችላል።

ባትሪ ስለሚያረጅ በየወሩ መዋጮ ይቀመጥ፤ የታመነ የእድር ገንዘብ ያዥ ያለበት ሕንፃ ለዚህ ሰው ፍለጋ አይቸገርም። በበጋ አቧራው ስለሚከብድ ፓኔሎቹን በማለዳ፣ ሳይግሉ፣ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ከተረኛው ሥራ ጋር ይጻፍ።