ካልቸር ሲታዘዝ የአስታማሚው ሥራ

የምሠራው ማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከዋርድ ከሚመጣልኝ ሽንት፣ ደምና መግል ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጌ የትኛው እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው አያለሁ፤ ካልቸር የሚባለው ይህ ምርመራ ነው። እኛ አገር ናሙናውን ይዞ ደረጃ የሚወርደው ብዙ ጊዜ አስታማሚው ስለሆነ፣ የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ከሚያስቸግሩን ባክቴሪያዎች አንዷ ክሌብሴላ ናት። ባክቴሪያ የምናሳድግበት ሳህን ላይ ስትበቅል እንደ ንፍጥ ትዝለገለጋለች። የምትገደልበትን ለማወቅ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እንደረድርባታለን። መድኃኒቱ ከሠራ በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። መድኃኒት የተላመደችው ግን ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ እስካለበት ወረቀት ጥግ ድረስ በቅላ ትጠብቀኛለች። መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም ታመርታለች፤ የባሰው ደግሞ ጂኑን ለሌላ ባክቴሪያ ታቀብላለች።

የሚሠራውን መድኃኒት የምናውቀው ባክቴሪያው ሳህን ላይ ሲበቅል ስለሆነ፣ ናሙናው አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ቢወሰድ ይመረጣል። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ሳይጀመር ካልቸር ይወሰድለት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ ወይም ግፊቱ ከወረደ ግን ለናሙና ተብሎ መድኃኒት አይዘገይም፤ እሱን ለሐኪሙ ተዉት። ቤት የተዋጠ ነገር ካለ አትደብቁ። ከፋርማሲ ተገዝቶ የተወሰደ ሁለት ፍሬ አሞክሲሲሊን አንዳንዱን ባክቴሪያ ሳይጨርሰው ሳህኔ ላይ እንዳይበቅል ሊያደርግ ይችላል። ያኔ ውጤቱ «ምንም አልታየም» ይላል፣ ሰውየው ግን እንደታመመ ነው።

ሽንት ከሆነ መጀመሪያ የሽንት መውጫው አካባቢ ይታጠብ፤ የመጀመሪያው ይፍሰስና መሀል ላይ ያለው ይቀዳ። የክዳኑን ውስጥ በጣት አትንኩ። ከላብራቶሪ በተሰጣችሁ ዕቃ እንጂ በታጠበ ሃይላንድ አታምጡልኝ (ያመጣሉ!)። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ላለው ሰው ከከረጢቱ አይቀዳም፤ ሲስተሯ ከቱቦው ላይ ትወስዳለች። ከዚያ ቀጥታ ወደ እኛ። ሽንት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሙቀት ካገኘ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፤ የሚዘገይ ከሆነ ፍሪጅ ይግባ። የደም ካልቸር ጠርሙስ ተቃራኒው ነው፤ ፈጽሞ ፍሪጅ አይገባም።

ደም ሲቀዳ «ኧረ ጨረሳችሁት!» የሚል አይጠፋም። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት ቦታ መቅዳት ተገቢ ነው። ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ የገባበት ሰው እንኳ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ላይገኝበት ይችላል። ከሁለት ቦታ የሚቀዳው ደግሞ የቆዳ ላይ ባክቴሪያ ገብቶ እንዳያሳስተን ነው።

ውጤቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈጃል። ወረቀቱ ላይ ከመድኃኒቱ ስም ጎን «ኤስ» ካለ ይሠራል፣ «አር» ካለ ተላምዳዋለች ማለት ነው። ውጤቱ ደርሶ ሐኪሙ ሜሮፔነም የተባለውን ጠንካራ አንቲባዮቲክ አቁሞ ወደ ቀለል ያለ ቢቀይር ሕመምተኛችሁን የናቀ አይምሰላችሁ፤ እኔ ብሆን የምፈልገው ሐኪም እንዲህ ያለውን ነው።

ዋርድ ውስጥ ደግሞ ደግነታችን ራሱ ጀርም ያዞራል። አስታማሚ የሌለውን የጎረቤት አልጋ ሰው ደግፎ ማንሳት፣ የሽንት ከረጢቱን መድፋት የለመድነው ነው፤ አትተዉት። ግን ከእሱ ወደ ራሳችሁ ሰው ከመመለሳችሁ በፊት እጃችሁን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በአልኮል እሹ፤ ቆሻሻ ከነካችሁ ወይም ተቅማጥ ካለ በውኃና ሳሙና ታጠቡ። በአንድ ጓንት ከአልጋ አልጋ መሄድ ከባዶ እጅ አይሻልም። ከረጢቱ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ወለል ግን አይንካ። ጠያቂ አልጋው ላይ አይቀመጥ።

ስትወጡ የካልቸር ውጤቱን ቅጂ ጠይቁ፣ ቢያንስ በስልክ ፎቶ አንሱት። ሕመምተኛው ሌላ ሆስፒታል ቢገባ ካርድ እንዳወጣችሁ አሳዩ፤ እዚያ ያለው ሐኪም አዲሱ ውጤት እስኪደርስ የሚጀምረውን መድኃኒት ለመምረጥ ይረዳዋል።