ቲዩብ አምፕ ስዊች ሲነካ ጧ! ካለ የሚሠሩ ስህተቶች

ሰሞኑን ለሦስተኛ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ስለገጠመኝ ነው ስለ ቲዩብ አምፕ፣ ማለትም የጊታር ድምፅ በመስታወት ቱቦዎች (ቲዩቦች) ስለሚያጎላው ማጉያ፣ ይሄን የምጽፈው። አንድ ጊታሪስት ልጅ ከጀሞ ተነስቶ እኔ ያለሁበት ለገጣፎ ድረስ ታክሲ እየቀያየረ፣ መጨረሻ ላይ በባጃጅ አምፑን አቅፎ መጣና ገና በሩ ላይ ቆሞ "ጋሼ፣ ቲዩቦቹን በሙሉ ቀየርኳቸው፣ አሁንም የቡስቱን (የድምፅ መጨመሪያውን) ስዊች ስነካው ጧ! ይላል" አለኝ። አዲሶቹን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው ያስመጣቸው፣ ወራት ጠብቆ፣ ያጠራቀመውን ብር ጨርሶ። አሮጌዎቹስ ስለው ጣልኳቸው አለኝ። ጧ ለሚለው ድምፅ ግን ምንም ጥፋት አልነበረባቸውም፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን ያዙልኝ፦ ስዊች ሲነካ ብቻ ጧ የሚል አምፕ ላይ ቲዩብ በመቀየር አትጀምሩ። የታመመ ቲዩብ አብዛኛውን ጊዜ ስዊች እስኪነካ አይጠብቅም፣ ዝም ብላችሁ በተቀመጣችሁበት ይንጣጣል፣ ሽሽሽ ይላል፣ በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ስትነኩት እንደ ደወል ይጮሃል። ከጠረጠራችሁትም አምፑን አጥፍታችሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ከጎኑ ካለው ጋር ቦታ አቀያይሩት፣ ድምፁ ካልተለወጠ ቲዩቡን ተዉት።

ጧ የሚለው ዲሲ (እንደ ባትሪ አቅጣጫውን የማይቀያይር) ቮልቴጅ በአንድ ጊዜ ሲዘል ነው። ለገጣፎ ወይ ሰንዳፋ የሚኖር ሰው ይሄን ቶሎ ይገባዋል፣ ውሃ ጠፍቶ ከርሞ ሲመጣ ባዶው ቧንቧ እንዴት እንደሚያንኳኳ ታውቃላችሁ፣ ቧንቧው ሞልቶ ቢቆይ ኖሮ ግን ውሃው ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። ካፓሲተርም፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘው ዕቃ፣ እንደዛ ነው። ባዶውን ተቀምጦ የነበረ ካፓሲተር ስዊቹ ሲገናኝ በቅጽበት መሙላት አለበት፣ ያ መሙላት ነው ስፒከሩ ላይ ጧ ብሎ የሚወጣው።

የልጁ አምፕ ላይ የነበረውን ላሳያችሁ። የመጀመሪያው ቲዩብ 12ኤኤክስ7 ነው (አውሮፓዎቹ ኢሲሲ83 የሚሉት)፣ ካቶዱ (ኤሌክትሮን የሚወጣበት የቲዩቡ ክፍል) ላይ 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድብ ዕቃ) አለ፣ እዛ ነጥብ ላይ ወደ 1.5 ቮልት ይቆማል። የቡስቱ ስዊች የሚሠራው 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከሬዚስተሩ ጎን ማስገባት ነው። ስዊቹ ሲከፈት (ግንኙነቱ ሲቋረጥ) የካፓሲተሩ አንድ እግር አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ቀስ በቀስም ባዶ ይሆናል። ስዊቹ ሲዘጋ (ሲገናኝ) ካቶዱ ላይ የነበረው 1.5 ቮልት በቅጽበት ወደ ዜሮ ይጎተታል። 1.5 ቮልት ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ ግን ከጊታር የሚመጣው ምልክት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከዛ በብዙ ያነሰ ነው፣ ከኋላው ደግሞ አጉልተው የሚያሳልፉት ቲዩቦች ተደርድረዋል።

መድኃኒቱ አንድ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቢጫ መስመር ያለበትን አንስቼ በስዊቹ ሁለት እግሮች መሃል ሶልደር አደረግኩት፣ አለቀ። ስዊቹ ክፍት ሆኖም ካፓሲተሩ በዛ በኩል ሞልቶ ይቆያል፣ ድምፁን ደግሞ አይነካውም፣ 100 ኪሎ ከ1.5 ኪሎ ጎን ሲሆን እንደሌለ ነው። አንዳንዱ እዚህ ቦታ ላይ 1 ሜጋ ያስገባና አልሠራም ብሎ ይነቅለዋል። ይሠራል፣ ግን 25 ማይክሮፋራድን በ1 ሜጋ ለመሙላት ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ በ100 ኪሎ ግን አሥር አሥራ አምስት ሴኮንድ ይበቃዋል። ትንንሽ ካፓሲተር የሚቀያይሩ የቶን ስዊቾች ላይ ግን ከ1 እስከ 10 ሜጋ ያለውን ተጠቀሙ፣ አነስተኛ ሬዚስተር እዛ ቶኑን ይቀይረዋል።

ሌላው ስህተት ስዊቹ ላይ ስፕሬይ መንፋት ነው። ስፕሬይ የቆሸሸ ነገር ያጸዳል፣ ዲሲ አያጸዳም።

ግን ከስፕሬይ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። ቮልዩሙን ስታዞሩት ችርርር ካለ፣ በደንብ ጸድቶም ከዳር እስከ ዳር ችርርር ማለቱን ካልተወ፣ ፖቱ (የሚዞረው መቆጣጠሪያ) ላይ ዲሲ ደርሷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከፊቱ ያለው ካፕሊንግ ካፓሲተር፣ ድምፁን አሳልፎ ዲሲውን የሚያግደው፣ እያፈሰሰ ነው። በአንድ በኩል ከፕሌቱ (የጎላው ድምፅ ከሚወጣበት የቲዩቡ ክፍል) 150፣ 200 ቮልት ይመጣበታል፣ በሌላው በኩል ዜሮ መሆን አለበት። አምፑ ጠፍቶ የፖቱን በኩል እግሩን ንቀሉ፣ ከዛ አምፑን አብሩና ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ፣ እጃችሁ ምንም ሳይነካ፣ ከዛ እግር ወደ ሻንሲው (የአምፑ የብረት አካል) ለኩ። ደህናው ትንሽ ዘለል ብሎ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ የሚያፈሰው ቮልት ላይ ቆሞ ይቀራል። ይሄን ቸል አትበሉ፣ የሚያፈሰው ካፓሲተር ወደ ፓወር ቲዩቦቹ የሚሄደው ከሆነ ግሪዳቸው ላይ ያለውን ኔጋቲቭ ባያስ (ፍሰቱን የሚገታውን ቮልት) ይበላና ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ኃይል እየጎተተ ፕሌቱ ግሎ እንደ ፍም ይቀላል። ያኔ ቲዩብ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ትራንስፎርመሩም ይከተላል።

ከላይ ያልኩትን ሁሉ ለመሥራት የአምፑ ሽፋን መፈታት አለበት፣ እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። ሶኬት ነቅያለሁ ማለት አይበቃም። የፓወር ሳፕላይ ካፓሲተሮቹ ከተነቀለ በኋላም 300፣ 400 ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። እኔ ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን አልለካሁም፣ ከጣቴ እስከ ክርኔ መታኝ፣ ቀኑን ሙሉ እጄ ሲንቀጠቀጥ ዋለ፣ በሁለት እጄ ይዤው ቢሆን ኖሮ በደረቴ ነበር የሚያልፈው። 10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አዘጋጁ፣ በአንድ እጅ ብቻ ካፓሲተሩንና ሻንሲውን አገናኙበት፣ አሥር ሴኮንድ ያዙት፣ ከዛ በቴስተር ለኩ፣ ዜሮ ካላያችሁ እጃችሁን አታስገቡ። በካቻቪቴ ማገናኘት የሚያስተምሩ አሉ፣ አትስሟቸው።

ቻናል የሚቀይረው በሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስዊች) ከሆነ ኮይሉ (የሪሌዩ ጥቅል ሽቦ) ላይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) መኖሩን እዩ። 1ኤን4007 ይበቃል፣ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ።

የኦም መምረጫውን (አምፑን ከስፒከሩ ጋር የሚያስማማውን ስዊች) አምፑ እየሠራ አትንኩ፣ ስፒከር ሳይሰካም አታብሩ። እዛ ላይ ጧ የሚለውን ለማጥፋት መልፋት ሳይሆን መጀመሪያ አምፑን ማጥፋት ነው። ስታንድባይ (ቲዩቦቹ እየሞቁ ድምፁን የሚያቆየው ስዊች) ሲከፈት ትንሽ ዱብ ቢል ደግሞ የተለመደ ነው፣ አታሳዱት።

አንድ የራሴን ስህተት ልናገር። የመዘምራን አምፕ መጥቶልኝ አራት ካፕሊንግ ካፓሲተር ቀየርኩ፣ ከዛ ማንም ሳይነካው ጧ አለ። ገንዘባቸውን ካስወጣኋቸው በኋላ ነው የገባኝ፣ ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር፣ የኤሌክትሪክ ምጣዷ በተበራና በጠፋ ቁጥር መስመሩ ይዘላል። የአራቱንም ካፓሲተሮች ሒሳብ መለስኩላቸው። ከዛ ወዲህ ማንም ሳይነካው ጧ የሚል ከሆነ መጀመሪያ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ቆጣሪ ላይ ሞክሩት ነው የምለው።

ደግሞ እምምም የሚለውን ለማስቀረት ብላችሁ የግራውንዱን እግር አትቁረጡ! የጊታሩ ክር ከአምፑ ሻንሲ ጋር የተገናኘ ነው፣ አምፑ ውስጥ 220 ቮልቱ ሻንሲውን ቢነካ የሚደርሰው ጣታችሁ ላይ ነው፣ ከንፈራችሁ ማይክ ላይ ከሆነማ የባሰ ነው። እዚህ አካባቢ ብዙ ቤት ገብቼ አይቻለሁ፣ ሶኬቱ የግራውንድ ቦታ አለው፣ ከኋላው ግን የግራውንድ ሽቦ የለም። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ አስለኩት።

ካፓሲተሩም፣ ሪሌዩም፣ ምጣዱም አንድ ዓይነት ጧ ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ሳትሰሙ አትፍቱት። አምፑን አብሩና አምስት ደቂቃ ተዉት፣ ስዊቹን አንዴ ንኩት፣ ከዛ ቶሎ ቶሎ አምስት ስድስት ጊዜ መላልሱት። የመጀመሪያው ላይ ብቻ ጧ ብሎ ከዛ ዝም ካለ ካፓሲተሩ ነው፣ አንዴ ስለሞላ ዝም አለ፣ ሬዚስተሯን ጨምሩ። ሁሌም እኩል ከጮኸ የሚያፈስ ካፓሲተር ወይ ሪሌይ ፈልጉ። የጀሞው ልጅ ይሄን ሱቄ ውስጥ ቆሞ ሲሞክረው መጀመሪያ አንድ ጧ፣ ከዛ ዝም።