ድክ ድክ የሚል ልጅ ቤት ውስጥ ትልልቆቹ የምንሰራቸው ስህተቶች (የኔም አሉበት)

ይሄን የምፅፈው ባለፈው እሁድ ጎረቤት ቡና ጠጥቼ በግኜ ስለመጣሁ ነው። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ የሶስት ልጆች እናት ነኝ፣ ትንሹ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። ልጁ ቤቱን አመሰው ይባላል እንጂ በሶስቱም ልጆቼ ያየሁት ትልቁ ሰው ልጁን ሲያምሰው ነው።

እሁድ ምን ሆነ መሰላችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ዞሯል፣ ሰዉ ተጫውቷል፣ አጎትየው ልጁን ጠራና "እስቲ አባባን ደደብ በላቸው" አለው። ልጁ አያቱን ዞሮ አየና "ደደም!" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያትየው ራሳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ፈንዲሻ በእፍኝ ተሰጠው (ፈንዲሻው ራሱ ሌላ ስህተት ነው፣ እመጣበታለሁ)። ደገመው፣ ደግመው ሳቁለት። ከዛ የንስሐ አባታቸው ገቡ። ሁሉም ተነስቶ መስቀል ተሳለመ፣ ልጁም ተራው ደረሰና ቀና ብሎ አያቸውና በሙሉ ድምፁ "ደደም!"

እናትየው ጭኑን ይዛ ቆነጠጠችው። ያ ልጅ እኮ ሲያለቅስ ማንን አየ መሰላችሁ፣ አጎቱን። አጎቱ ሲኒውን እያየ ነበር።

ይሄን ነገር ስንት ቤት እንዳየሁት! አንድ ዓመት ከምናምን ለሆነው ልጅ "ደደብ" ማለት ስድብ አይደለም፣ ሲጫኑት ቤቱን በሙሉ የሚያስቅ ቁልፍ ነው፣ እሱ የሚያውቀው ይሄንን ብቻ ነው፣ ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ይጫነዋል፣ ደስ ሊያሰኛችሁ ነው እኮ! ምራቅ መትፋቱም እንደዛው፣ ፀጉር መጎተቱም እንደዛው። ሲወድቅ ደግሞ መሬቱን በጥፊ እየመታን "ይኸው መታሁልህ" እንለዋለን፣ በር ሲገጨው በሩን ያስመቱታል፣ "በለው፣ ወንድ አይደለህ!" ይሉታል፣ ከዛ የጎረቤት ልጅ ሲመታ "ይሄ ልጅ ተደባዳቢ ወጣው፣ ማንን መስሎ ነው" ይባላል። ማንን እንደመሰለማ እኔ ልንገራችሁ።

እኔ ያዋጣኝ ልጁን መምከር አይደለም፣ ዘመዶቹን መምከር ነው። ከባድ ነው፣ አጎት ነው፣ አማት ናት፣ ሰው ፊት አይባልም። ሳቅ የመጣበት ሰው ፊቱን ያዙር ወይ ወጥቶ ይሳቅ ብያለሁ። የማይስቁለትን ነገር ልጅ ውሎ አድሮ ይተወዋል፣ የኔዋ ሁለተኛዋ በአራት ቀን ነው የተወችው።

ሁለተኛውን ራሴ ነኝ የሰራሁት፣ ስፅፈው አሁንም እጄ ይቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ታህሳስ ላይ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የምታገኙት። የመጀመሪያ ልጄን ማታ ገላውን ላጥብ ብዬ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዬ፣ ቀልቶ ፍም ሲሆን ወደ ክፍሉ አስገባሁት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ከበሩ ስር በጨርቅ ወተፍኩ። ጭሱ ወጥቶ አልቋል ብዬ ነው እንግዲህ። ልጁ ሳፋው ውስጥ ሲንቦጫረቅ ቆየና ዝም አለ፣ ጭንቅላቱን ጠርዙ ላይ ጣል አደረገ፣ እኔ ደግሞ "ተመስገን ዛሬስ ቶሎ እንቅልፉ መጣ" ብዬ ደስ አለኝ። ራሴን እየወቀረኝ ነበር፣ ስራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ተውኩት። ባለቤቴ ፎጣ ሊያቀብለኝ በሩን ሲገፋ ልነሳ አልኩና ጉልበቴ ከዳኝ። ልጁን ነጥቆኝ ደጅ ወጣ፣ እናቴ ከመንዝ በላከችልኝ ባና ጠቅሎ፣ በዛ ብርድ። ደጅ ላይ አስታወከው፣ ከዛ አለቀሰ። እንደዛ ቀን ለቅሶ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጤና ጣቢያ ወስደነው አደርን።

የከሰል ጭስ ስላለቀ መርዙ አያልቅም! ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፣ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ፍም ከሆነ በኋላም ይወጣል፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዛ እንቅልፍ የሚመስል ነገር። "መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ነው እኮ" የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ገርበብ ስታደርጉት ብርዱ ይገባል፣ ብርዱ ሲገባ ተነስታችሁ ትዘጉታላችሁ። ከሰል ልጅ የሚታጠብበትም የሚተኛበትም ክፍል አይገባም፣ በቃ። ውሃውን ኩሽና አሙቁ፣ ልጁን ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐይ ቤት ሲገባ እጠቡት፣ ማታ ካልሲና ሹራብ ደርቡለት። በየቀኑ ማጠብ ግዴታ ያደረገው ማነው ደሞ።

(ሸዋሮቢት ያለችው እህቴ ይሄን ስነግራት ትስቅብኛለች፣ እዛ ልጁ ራቁቱን ነው የሚውለው፣ የሷ ጣጣ ወባና አጎበር ነው፣ ልጁ አጎበሩን በእግሩ ሲገፋው ጠርዙን ፍራሹ ስር መልሳ ስትወትፍ ነው የምታድረው።)

ፈንዲሻው ጋ ልመለስ። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሁሉ ለኛ ዳቦ ነው የሚይዘው፣ ከደሴ በኩል የመጣ ግን ደብረ ሲና ወርዶ ቆሎ ሳይገዛ አያልፍም፣ ገና ከመግባቱ ለልጁ እፍኝ ይሰጠዋል። "ጥርስ አለው እኮ!" አለው፣ የፊት ጥርስ። ያ ይቆርጣል እንጂ አይፈጭም፣ መንጋጋው ገና አልሞላም። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒ፣ የተቆላ ሽምብራ አራት ዓመት እስኪሞላው እኔ ቤት አይሰጥም። ለእንግዳው ደስታ በሶ በጥብጡለት። ትን ካለው እየሳለ ከሆነ ተዉት ይሳል። ድምፅ ካጣ፣ መተንፈስ ካቃተው ግን ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ትከሻዎቹ መሀል አምስቴ ጠንከር አርጋችሁ ምቱት፣ ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስቴ ግፉት፣ እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ፣ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። የማይታያችሁን ነገር በጣት መፈለግ የለም፣ ይብሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

በረኪና በሃይላንድ። ከሱቅ በልክ እየተቀዳ የሚመጣው ማለቴ ነው። ልጁ ሃይላንድ ማለት ውሃ እንደሆነ ያስተማርነው እኛ ነን፣ ላምባም እንደዛው። ላይ ቆጥ ላይ ይቀመጥ፣ በር የሚቆለፍበት ቦታ ይቀመጥ፣ በጭራሽ መሬት አይቀመጥ። ከጠጣ በጣት ለማስመለስ እንዳትሞክሩ፣ የወረደበትን ቦታ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና። ኧረ ወገን! ቅቤም፣ እንቁላልም፣ የቡና ዱቄትም። የእህቴ ልጅ ጀበናውን ስቦ እጁ ላይ ሲያፈሰው መጀመሪያ ወደ ጥርስ ሳሙናው የሮጥኩት እኔ ነኝ፣ ነርሷ ያንን ከተላጠ ቆዳ ላይ ስትጠርግ የልጁን ጩኸት የሰማሁትም እኔ ነኝ። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ። በረዶ አይደለም፣ ውሃ። ቡና ሲፈላ ደግሞ አንድ ሰው ልጁን ይያዝ፣ ረከቦቱ እኮ የተሰራው ልክ በሱ ቁመት ነው።

ጥርስ ሊያወጣ ነው ብሎ ተቅማጥን ዝም ማለት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስነቀል፣ እዚህ ላይ ክርክር አልገጥምም። ኦአርኤስ (ተቅማጥ የወሰደውን ውሃና ጨው የሚተካው ዱቄት) በአንድ ሊትር ንፁህ ውሃ፣ እና ጤና ጣቢያ።

"ነርሷ ትወጋሃለች!" እያሉ ማስፈራራት የኔ አማት ልማድ ነበር። የ15 ወር የኩፍኝ ክትባቱን እስኪከተብ ድረስ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ወጊ ሆነበት፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ስንወስደው ሰውየው ነጭ ነው የለበሰው፣ ልጄ ከግራ በኩል ተላጭቶ ከቀኝ በኩል ሳይላጭ አመለጠ፣ አንድ ሳምንት በኮፍያ ከረመ። በጅብ ማስፈራራት ደግሞ ሌላ ከተማ ያስኬድ ይሆናል፣ እኛ ጋ ማታ ጅቡ ምር ይጮሃል፣ ልጁ ሲሰማው ለኔ መጣ ነው የሚለው።

ሻይ ከምግብ ጋር አትስጡ፣ ብረት ማዕድኑን ከምግቡ እንዳያገኝ ያግደዋል። በሻይና በብስኩት ሆዱን ሞልታችሁት "ልጄ አይበላም" ብላችሁ በማንኪያ ግቢውን አታዙሩት። ሲርበው ይበላል።

ስልክ... እሺ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ የአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን ባያይ ነው የሚለው፣ ሁለት ዓመት ሲሞላ ቢበዛ አንድ ሰዓት። እኔ ይሄን አውቃለሁ፣ እንጀራ ስጋግር ግን እሰጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ምጣዱ ከዩቲዩብ ይብሳል። በምግብ ሰዓት ግን ከለከልኩ፣ ሶስት ቀን አለቀሰ፣ አራተኛው ቀን ሽሮውን በእጁ ቀባው፣ ግማሹ አፉ ገባ።

የመጨረሻው ፆም ነው። ህፃን አይፆምም፣ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፆም እንደሌለበት የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ ይነግሯችኋል። ችግሩ ማንም ህፃን ፁም አይለውም፣ ግን ሁዳዴ ሲገባ ወተቱ ይቀራል፣ እንቁላሉ ገበያ ይወጣል፣ 55 ቀን ሙሉ ልጁ የሚበላው እኛ የምንበላውን ነው፣ ለምን ሲባል ድስቱ እንዳይነካካ። ሁለቱን ትልልቆቹን እንደዛ ነው ያሳደግኳቸው፣ ማንም ክፉ ነገር አስቦ አይደለም። ለሶስተኛው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ አንዲት ትንሽ ድስት፣ ማንኪያና ሳህን ገዛሁ፣ ለብቻ ይታጠባል፣ ለብቻ ይሰቀላል። አማቴ ድስቷን ሲያዩ ምንም አላሉም፣ ሁለት ሳምንት ዝም አሉኝ። ሶስተኛው ሳምንት ላይ ከቤተክርስቲያን ሳልመለስ ቆየሁ፣ ስገባ ልጁ አገጩ ቢጫ ሆኗል፣ እሳቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ድስቷን እያጠቡ ነው። "ሽታው እንዳይገባብኝ ነው" አሉኝ፣ "ሁለት ነው የጠበስኩለት፣ አንዱ አልበቃ አለው።"